ወንድሜ የገዛልኝ ሳይክል ልኬ አይደለም፤ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ30 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሩጫ ከልጅነቴ ጀምሮ እሮጣለሁ፤ ዋና ደግሞ ካለፈው ዓመት ወዲህ በሆቴል ገንዳ ተምሬያለሁ። ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ (እኔ ጋሼ ነው የምለው) ትራያትሎን ይወዳደራል። በጥር ወር እዚያ በሚደረግ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ሳይክልና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ባለው ውድድር አብረን እንድንገባ ከተነጋገርን ቆየን።

ጭንቀቴ ሳይክሉ ነው። ጋሼ ከሥራ ባልደረባው ላይ ያገለገለ የካርቦን የትራያትሎን ሳይክል ገዝቶልኛል፤ ለመስቀል ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ ነው። ፎቶውን ሲልክልኝ በደስታ አለቀስኩ። ኋላ ላይ ግን መጠኑ 54 መሆኑን አየሁ። እኔ 1.62 ሜትር ቁመትና 55 ኪሎ ነኝ። አንድ ሳይክል የሚነዳ ጓደኛዬ «ይሄ የአንቺ አይደለም፣ ትልቅ ነው» አለኝ። መካኒኩ ግን «ችግር የለውም፣ ኮርቻውን ዝቅ እናደርገዋለን» ይላል። እማዬ ደግሞ «ልጄ በሰው አገር ለፍቶ የገዛውን እምቢ ብትይ ቅር ይለዋል፤ አርፈሽ ተቀበይ» አለችኝ። እቁቤ ሐምሌ ላይ ይደርሰኛል፤ በሱ ከአዲስ አበባ ደህና የመንገድ ሳይክል መግዛት እችል ነበር።

ሌላም አለ። የጓደኛዬን የመንገድ ሳይክል ኤሮባር (ክርንን ትራስ ላይ አስደግፎ ወደ ፊት ተኝቶ ለመንዳት መሪው ላይ የሚገጠም ዘንግ) ተገጥሞበት ሞክሬው ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳልሄድ ከታች ደነዘዘኝ፤ አንገቴንም አመመኝ። መካኒኩ ወንድ ስለሆነ ለመናገር አፈርኩ። ዝም ብዬ ልልመደው ወይስ እምቢ ልበል?

ከጅማ

መልስ

ውድ እህታችን፣

እናትሽም፣ መካኒኩም፣ ጓደኛሽም ስለዚህ ሳይክል የየራሳቸውን ብለዋል። ነገሩን ገና ያልሰማው ጋሼ ብቻ ነው። ቅር ይለዋል ብለሽ መስጋትሽ አይገርምም፤ ሰው ለፍቶ ያገኘውን ለእህቱ ሲያወጣ ደስታዋን ለማየት ነው። እስቲ ግን አንድ ነገር አስቢበት፦ እሱ የጓጓው ያ ሳይክል አንቺ ዘንድ እንዲኖር ነው ወይስ በጥር አብራችሁ እንድትጨርሱ? ደብዳቤሽ ወደ ሁለተኛው የሚያደላ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ ሳይክሉ ዱባይ እያለ መስማቱ ይሻለዋል። እዚያ ያገለገለ የትራያትሎን ሳይክል ፈላጊ አያጣም። ጅማ ከገባ በኋላ ግን መጠኑ 54 የሆነ የትራያትሎን ሳይክል የሚፈልግ ሰው ከየት ይመጣል? ዕቃ ቤት ገብቶ አቧራ ሲለብስ ማየቱ ነው የበለጠ የሚያስከፋው።

ከመንገርሽ በፊት ግን በእጅሽ ቁጥር ይኑርሽ። «ትልቅ ነው አሉኝ» ከማለት ቁጥር ማሳየት ይቀላል፤ እሱ ራሱ ተወዳዳሪ ስለሆነ ቁጥሩን ሲያይ ይገባዋል።

መካኒኩ በግማሽ ልክ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ፣ ጀርባሽን ከግድግዳ አስደግፈሽ፣ እግሮችሽን አንድ ስንዝር ያህል ከፍተሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችሽ መካከል ይዘሽ ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ ያህል እስኪጫንሽ ድረስ ወደ ላይ ሳቢው፤ አንድ ጠርዙ ግድግዳውን ይንካ፣ እንዳይዘም። ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ እህት ወይም ጓደኛ ትለካልሽ። 76 ሴንቲ ሜትር ቢመጣ እንበል፤ በ0.883 ስታባዢው 67 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ የፔዳሎቹ ክንድ ከሚዞርበት መሀል ተነስቶ እስከ ኮርቻው አናት ያለው የመነሻ ቁመት ነው። በብዙ 54 ፍሬሞች ላይ ኮርቻው እዚህ ድረስ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ መካኒኩ አልተሳሳተም።

የትራያትሎን ሳይክል ልክ የሚታወቀው ግን ከፊት ለፊት ነው። ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ስታክ ይባላል፤ ከፔዳል መዞሪያው መሀል እስከ ፍሬሙ አንገት አናት ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያለው ቁመት ነው። ሌላው ሪች ነው፤ በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ወደ ፊት ያለው አግድም ርቀት። እነዚህ የፍሬሙ አጥንት ናቸው፤ ቁልፍ ይዞ የሚለውጣቸው መካኒክ የለም። በ54 የትራያትሎን ፍሬሞች ላይ ሪቹ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በአንቺ ቁመት ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመቸው ከ37 እስከ 39 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ክርንሽን ትራሱ ላይ አድርገሽ አንድ ሰዓት ከሃያ ስትነጂ ግን ትከሻሽና አንገትሽ ያውቁታል። በነገራችን ላይ «54» የሚለው ተለጣፊ ራሱ ብዙ አይታመንም፤ የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 52 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አትፍረጂበት፤ ይለካ።

ጋሼ በአስር ደቂቃ ሊለካው ይችላል። ሳይክሉን ደልዳላ ወለል ላይ ቀጥ አድርጎ ያቁም፤ የፊት ጎማው ግድግዳ ይንካ። ከወለሉ እስከ ፔዳል መዞሪያው መሀል፣ ቀጥሎም ከወለሉ እስከ ፍሬሙ አንገት አናት ይለካና ይቀንስ፤ ስታክ ወጣ። ከግድግዳው እስከ ፔዳል መዞሪያው መሀልና ከግድግዳው እስከ አንገቱ አናት መሀል ለክቶ ይቀንስ፤ ሪች ወጣ። እዚያው እያለ የፔዳሉን ክንድ ውስጠኛ ገጽ ያንብብልሽ፤ ርዝመቱ ተጽፎበታል። በ54 ላይ ብዙ ጊዜ 172.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንቺ 165 ወይም ከዚያ ያጠረ ይሻላል፤ ወደ ፊት ተኝተሽ ስትነጂ ረጅም ክንድ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ እየገፋ ዳሌሽን ያጥፈዋል።

ሪቹ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ የሚቀርብልሽ መፍትሔ ይታወቃል፦ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ የክርን ትራሶቹን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ። ሰፊ ጫማ ውስጥ ጥጥ እንደ መጠቅጠቅ ነው። ክብደትሽ ወደ ኋላ የቀሩት ትራሶች ላይ ሲያርፍ መሪው ይከብዳል፤ ነፋስ ሲነፍስ ሳይክሉ ይወላገዳል፤ ስትቆሚ ደግሞ ጉልበትሽ የክርን ትራሶቹን ይነካል። የመሪውን አንገት በአጭር መቀየርም ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ የካርቦን የትራያትሎን ሳይክሎች አንገታቸው ከመሪው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነውና ሌላ አይቀበሉም።

አሁን ወዳፈርሽበት ነገር። መደንዘዙ የአንቺ ድክመት አይደለም፤ «እየለመድሽው ትሄጃለሽ» የሚልሽን ሰው አትስሚ። ኤሮባር ላይ ስትተኚ ዳሌሽ ወደ ፊት ይዞራል፤ ክብደትሽ ከመቀመጫ አጥንትሽ ላይ ተነስቶ ኮርቻው አፍንጫ ላይ፣ ማለትም ስስ አካል ላይ ያርፋል። ነርቭና ደም ሥር ይጫናል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። የጓደኛሽ ሳይክል ፊቱ ለአንቺ ሩቅ ከነበረ ደግሞ መሪው ወደ ፊት እየሳበሽ ይበልጥ ወደ አፍንጫው ገፍቶሻል። አንገትሽም ያመመሽ ከዚያው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ዳሌሽ ግራና ቀኝ እየወዛወዘ እንዳልሆነ እዪ። ቀጥለሽ አፍንጫውን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብዪው፤ በስልክሽ የውሃ ልክ መተግበሪያ መለካት ትችያለሽ። የሚፈታው ከሥሩ ባለው አንድ ወይም ሁለት ብሎን ነው፤ ባለ ስድስት ጎን (አለን) ቁልፍ ካለሽ ቤትሽ ትሠሪዋለሽ፣ ለማንም መናገር አያስፈልግሽም። ይህ ካልበቃ አፍንጫው ለሁለት የተከፈለ ወይም አጭር የሆነ የትራያትሎን ኮርቻ ያስፈልግሻል፤ ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚገባው እዚህ ነው። ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ልበሺ፤ ስፌት የሚያቆስለው ከሥር ሲደራረብ ነው። በየአስር ደቂቃውም ለጥቂት ሴኮንዶች ከኮርቻው ተነሺ። ከሳይክሉ ከወረድሽ በኋላ ለሰዓታት የሚቆይ መደንዘዝ ወይም ቁስል ከመጣ ሐኪም ይይሽ፤ ይህንን እንኳ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ታዲያ ምን ይገዛ? በእኔ አስተያየት ለዘንድሮ ልክሽ የሆነ የመንገድ ሳይክል ላይ ኤሮባር መግጠሙ ይበልጣል። ለመጀመሪያ ውድድር በቂ ነው፤ ጅማ ላይም ከትራያትሎን ሳይክሉ ይልቅ ሊነዳ ይችላል። አጂፕ ወይም መርካቶ አካባቢ ባጃጁ ከየት እንደሚታጠፍ በማይታወቅበት መንገድ ፍሬን ላይ የማያርፍ እጅ አደጋ ነው፤ የትራያትሎን ሳይክል ደግሞ ሰው ሁሉ ኤሮባሩ ላይ ተኝቶ እንዲነዳው የተሠራ ነው፣ ፍሬኑ ከማርሽ መቀየሪያው ርቆ ሌላ ቦታ አለ። የመንገድ ሳይክል ላይ ከተማውን ፍሬን ይዘሽ ትወጪና ጎዳናው ሲከፈት ትተኛለሽ።

ልዩነቱን ግን እወቂው። የመንገድ ሳይክል ኮርቻ የሚሸከመው ቱቦ ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ይዘነበላል፤ የትራያትሎኑ ከ76 እስከ 80 ድረስ ቀና ያለ ነው። ቀና ሲል ሰውነትሽ ከፔዳሉ በላይ ወደ ፊት ይመጣል፤ ተኝተሽም ጭንሽ ሆድሽን አይጫነውም፤ ወርደሽ ስትሮጪ እግርሽ ቶሎ ይፈታል። ስለዚህ የመንገድ ሳይክል ስትገዢ ኮርቻውን ወደ ፊት መግፋት እንደሚኖርብሽ አስቢና ትንሽ አጠር ያለውን ምረጪ፤ ኤሮባሩ ራሱ ክርንሽን ወደ ፊት ይወስደዋልና። በአንቺ ቁመት ከ47 እስከ 50 ያሉትን ሞክሪ። መሪው መሀሉ ክብ፣ ውፍረቱ 31.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኤሮባሩ ይይዘዋል፤ ጠፍጣፋ መሪ ላይ አይያዝም። የካርቦን መሪ ከሆነ ፋብሪካው ኤሮባር መግጠም ይፈቅድ እንደሆን አጣሪ፣ አለበለዚያ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። አልሙኒየም ቢሆን ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

በትናንሽ መጠን ስትፈልጊ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ያገለገሉ ትናንሽ የትራያትሎን ሳይክሎች ጎማቸው 650 ሲ ነው፤ የጎማው ልክ 571 ተብሎ ይጻፋል። ዋጋቸው ያማልላል፤ ጎማና ካላማዳሪያ ግን አዲስ አበባም መከራ ነው። 622 የሚል ጎማ ያለውን ያዢ፤ 700 ሲ የሚባለው እሱ ነው።

ማርሹም ይታይ። ሜዳ ላይ የተነዳ ሳይክል ኋላ ትልቁ ማርሹ 25 ወይም 28 ጥርስ ሊኖረው ይችላል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትወጪ 32 ወይም 34 ትፈልጊያለሽ። ማርሽ ቀያሪው አጭር ከሆነ ግን ትልቁን አይችልም፤ ከመግዛትሽ በፊት ይጠየቅ።

ሳይክሉ ሲመጣ ልኩን ቤትሽ ልታስተካክዪ ትችያለሽ። ክረምቱ ራሱ ይረዳሻል፤ ዝናቡ ሲጸና ከቤት የማይወጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሳይክሉን ማቆሚያ ላይ ወይም በር መካከል አጽንተሽ ተቀመጪበት። በ0.883 አባዝተሽ ባገኘሽው ቁመት ጀምሪ፤ ተረከዝሽን ፔዳል ላይ አድርገሽ ወደ ታች ስትገፊ እግርሽ ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋ፣ ከጣቶችሽ ሥር ያለው የእግርሽ ክፍል ሲሆን ግን ጉልበትሽ ትንሽ ቢታጠፍ ቁመቱ ተቀራርቧል። የፔዳሉን ክንድ ከ172.5 ወደ 165 ከቀየርሽ ኮርቻውን በዚያው በ7.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ አትርሺ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ከፍ ብሎ ነውና የሚቀረው። ከዚያ ኮርቻው ወደ ፊት፣ ቀጥሎ የክርን ትራሶች። ለጀማሪ ትራሶቹ ከኮርቻው ጋር እኩል ወይም እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢሉ ይበቃል። የላይኛው ክንድሽ ወደ መሬት ቀጥ ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ ከደረትሽ ጋር ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ትከሻሽ ሥራ ይፈታል፤ አጥንትሽ ይሸከምሻል። ጓደኛሽ በጎን በኩል ስልክ ወገብሽ ቁመት ላይ ይዛ ታንሣሽ፤ ጎንሽን በቪዲዮ ስታዪ ስህተቱ ራሱ ይታያል። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ለውጪ፤ ሁለቱን ከለወጥሽ የትኛው እንደጠቀመሽ አታውቂም። ሲመቸሽ ሦስት ቁጥር ጻፊ፦ የኮርቻው ቁመት፣ የትራሶቹ ቁመት ከፔዳል መዞሪያው፣ የትራሶቹ ርቀት ከፔዳል መዞሪያው። ነገ የትራያትሎን ሳይክል ስትፈልጊ የምትመርጪው በእነዚህ ነው።

የካርቦን ክፍል ካለ ብሎኑን በግምት አትጥበቂ። አብዛኛው ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያው ኃይል ልክ) ተጽፎበታል፤ ይህን የሚለካ ቁልፍ ከሌለ ጋሼ ይዞ ይምጣ። የካርቦን የኮርቻ ዘንግ ግሪስ አይቀባም፤ የካርቦን ማጣበቂያ ቅባት ይቀባል፣ አለበለዚያ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ እየጠበቀ ሲሄድ ይሰነጠቃል።

ለጅማ መንገድ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ይሻላል፤ ለክብደትሽ ከ60 እስከ 70 ፒ ኤስ አይ ነፋስ ይበቃዋል። የጎሚስታው መንፊያ የቀጭኑን ቫልቭ አይዝም፤ ትንሽ የናስ መቀየሪያ ቀለበት ይሸጣል፣ ሁለት ያዢ። ካላማዳሪያ አራት፣ የጎማ ማንሻ፣ የእጅ መንፊያ፣ ሌላ ሰንሰለት መቀጠያ፣ እንዲሁም ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ቅንፍ ተጨማሪ። ይህ የመጨረሻው ከፍሬም ፍሬም ይለያያል፤ ሲሰበር ጅማ ላይ የሚተካ አይገኝም። ለረዥም ጉዞ የአጋሮ መንገድ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የውድድሩን 40 ኪሎ ሜትር ትሞክሪበታለሽ። ማለዳ፣ ከጓደኛ ጋር።

ስጦታው ግን አልቀረም። ጋሼ ሳይክሉን ቢሸጠው የሽያጩ ገንዘብ ለትራያትሎን ኮርቻ፣ ለኤሮባርና ለቁልፉ ይውላል፤ እቁብሽም የመንገድ ሳይክሉን ይገዛል። እሱ ካልሸጥኩት ቢልስ? ለራሱ ይያዘው፤ ወይም ሪቹ ከላይ ካልኩሽ ቢቀራረብ ለመስቀል ይዞልሽ ይምጣና ለጥር ትሞክሪዋለሽ። ይሁንና ውድድሩ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ ጥቂት ሳምንት የነዳሽው ልክ መሆን አለበት፤ በማታውቂው ሳይክል 40 ኪሎ ሜትር አይጀመርም። እንዲሁም የውድድሩን ደንብ ይይልሽ፤ በአንዳንድ ውድድሮች በሌላው ጀርባ ተጠልሎ መንዳት ይፈቀዳልና እዚያ የትራያትሎን ሳይክል ክልክል ነው።

ያገለገለውን ሳይክል ለመሸጥም ሆነ ለመያዝ ጋሼ ሁለት ነገር ይመልከት። ጎማው ቱቡላር ከሆነ፣ ማለትም በሙጫ ቸርኬው ላይ የተለጠፈ ከሆነ፣ ጅማ የሚጠግነው የለም። በቤት ውስጥ ማቆሚያ ላይ ብዙ ከተነዳ ደግሞ ላብ በመሪው ቴፕና በአንገቱ ውስጥ ገብቶ ብሎኑንና ኩሽኔታውን ይበላዋል፤ ቴፑ ይነሣና ይታይ።

መልእክቱን ዛሬ ላኪለት። እንዲህ ቢሆን ይመስለኛል፦ «ጋሼ፣ ያንን ሳይክል ሳየው አልቅሻለሁ፤ ማንም እንዳንተ አስቦልኝ አያውቅም። ቁመቴ ግን 1.62 ነው፤ ሪቹን ለክተህ ትልክልኛለህ? ከ39 በላይ ከሆነ አንገቴን ስለሚያመኝ እንድትሸጠው እፈልጋለሁ፤ በሱ ኮርቻና ኤሮባር እናድርግ። በጥር አብሬህ መጨረስ ነው የምፈልገው።» በድምፅ ብትልኪው ይበልጥ ይደርሰዋል። ለእማዬ ደግሞ መጀመሪያ የሱን መልስ አሰሚያት።